የወይራዋ ባለርስት

የማሪቱን ሞት የሰማሁት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሒሳብ እያስተማርኩ ነው። የትምህርት ቤታችን ሽማግሌ ዘበኛ በሩን ገፋ አደረገና ቆቡን አወለቀ። ያን ቀን ጧት፣ ገና ደወል ሳይደወል፣ ማሪቱን ከነባሏ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ፣ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ስትሄድ ሸኝቼ ነበር የመጣሁት። «ልብስ ሰፊዋ ወዳጅሽ...» አለ ሽማግሌው፤ «ጎንደር ሳትደርስ፣ ኮሶዬ ላይ አረፈች አሉ። ባሏ ደውሎ ነው።» ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ከልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። የለበሱት ሰማያዊ ዩኒፎርም አብዛኛው የእሷ የእጅ ሥራ ነው፤ የሱሪውና የቀሚሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሰፋ ተደርጎ ታጥፏል። ሌላው ሰፊ ጨርቅ ይቆጥባል፤ እሷ ግን «ልጅ አይደለም እንዴ፣ ያድጋል፤ ያን ጊዜ እናቱ ትለቅለታለች» እያለች ያንን እጥፋት ሳትተው አትሰፋም ነበር። መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ያ እጥፋት ነው።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። ከሚሊኒየሙ በኋላ፣ ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ ደባርቅ ተመደብኩና ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በመጣሁ በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የወር አበባዬ ላይ ነበርኩ። በዚያ ደብር ልማድ ሴት በዚያ ሰሞን ቅጥሩን አታልፍም፤ ከበሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ከበሩ በስተግራ አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ዛፉ ሥር ቆመዋል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷ ክብ የሆነ ሴት፤ ማሪቱ።

«አዲስ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ፤ መምህርት ነኝ። ከዳባት ነው የመጣሁት።»

«አገርሽን መች ጠየቅሁሽ! ለወይራዋ አዲስ ነሽ ወይ ነው የምልሽ።» ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «እነዚህ ሁሉ እንግዶች ናቸው፤ ሰሞኑን ቆመው ይገባሉ። እኔ ግን ባለርስት ነኝ። መቆም ሲደክምሽ ንገሪኝ፤ ከርስቴ ቆርሼ እሰጥሻለሁ።» ወዲያው ጠጋ ብላ ከድንጋዩ ጥግ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው እውነቷን ነው። የማሪቱ ደም ሲቀር ለወራት ድራሹ ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ ቤት እንደሠራ ሰው መውጣት የለም። እኔ ወይራዋ ሥር ቆሜ፣ ገብቼ፣ እንደገና ተመልሼ ስቆም እሷ እዚያው ድንጋዩ ላይ ነች። የቅጥሩ ነገር ሆኖ የሆዷ ጉዳይ የአደባባይ ነበር። የሚያስቀድሰው ሰው ሁሉ ማሪቱ የቆመችበትን ቦታ አይቶ ያለችበትን ሁኔታ ያውቃል። ከሁሉ በላይ የሚያውቁት አማቷ እማማ የሺ ነበሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተሳልመው፣ ከመግባታቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይመለከታሉ። ማሪቱን ድንጋዩ ላይ ካዩዋት ፊታቸው ይጠቁራል፤ ካጡዋት ፈገግ እያሉ ይገባሉ። ልጃቸው አንድ ነው፤ የልጅ ልጅ የላቸውም።

ማሪቱ የምትሰፋው ቤቷ በረንዳ ላይ ነው። ደባርቅ ላይ በስፌት መኪና የሚሰፉት ወንዶች ናቸው፤ እሷ ከአባቷ ነው የተማረችው። ክር በጥርሷ ትቆርጣለች፣ መርፌ ደረቷ ላይ ትሰካለች፣ ስትለካሽ በሆዷ እየገፋች ነው የምታዞርሽ። አገጯ ላይ ጠጉር ይበቅልባታል። ሌላ ሴት ብትሆን ተሸማቃ ትሞት ነበር፤ ማሪቱ በክር እየነቀለች ትስቅበታለች። «አባቴ ወንድ ልጅ ስጠኝ እያለ ሲለምን ኖሮ፣ እግዜር ቸኩሎ ጢሙን አስቀድሞ ላከለት» ትላለች። የገበያ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ግማሹ ለልብሱ፣ ግማሹ ለወሬዋ ነበር።

ባሏ ፋንታሁን የተራራው ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ነው፤ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ ጠመንጃ ይዞ ይጠብቃል። ተረኛነቱ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ጥቂት ሰንብቶ ይመለሳል። ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው ነው። ሲመጣ ከጃኬቱ ኪስ ጦስኝ አውጥቶ ምንም ሳይናገር መኪናዋ ላይ ያስቀምጥላታል። እሷም ምንም ሳትናገር ታሸተውና ደረቷ ውስጥ ትከተዋለች። ሁለቱን ሳያቸው እኔም ማግባት ያምረኝ ነበር።

በአንደኛው ዓመት ማሪቱ ከወይራዋ ጠፋች። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ቅጥሩ ውስጥ ገብታ ታስቀድሳለች። እማማ የሺ ወደ ግራ ይመለከታሉ፤ ድንጋዩ ባዶ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ማሪቱ አፈር አማራት። ዝናብ የመታውን የጭቃ ግድግዳ በጥፍሯ እየፋቀች አፏ ውስጥ ትጨምራለች። እኔ ሳያት ደንግጬ «ኧረ ምን ነካሽ!» ስላት፣ «እኔ ምን ላድርግ እታለም፣ ሽታው ይጠራኛል» አለችኝ። እማማ የሺ አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ጀርባ የተፋቀውን ግድግዳ አዩት። በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እዚያው ቆመው እልል አሉ።

ደሟ ቀርቷል፣ አፈር አምሯታል። ለደባርቅ እናት ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስልክ ወደማይደርስበት ሳንቃ በር በበቅሎ ነጂ መልእክት ተላከ። ፋንታሁን ወረደ። ያን ሰሞን እሱ ሲናገር ሰማሁት፤ ከማላውቀው ሰው ጋር መንገድ ላይ ቆሞ ያወራ ነበር። እማማ የሺ ማሪቱን ውኃ እንዳትቀዳ ከለከሏት፣ ለገንፎ የሚሆን ገብስ አስመርጠው አስቀመጡ። ማሪቱ ግን አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን፣ «ልመን ወይስ ልተው?» አለችኝ። «ከዚህ በፊትም ይቀራል እኮ። ግን እማማ የሺ እንዲህ ስቀውልኝ አያውቁም። ውሸት ቢሆንም እንኳ ትንሽ ይቆይ።»

በጽጌ ወር አንድ እሑድ እማማ የሺ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። በሩ ላይ ተሳልመው ወደ ግራ ተመለከቱ። ማሪቱ ድንጋዩ ላይ ነበረች። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ገቡ። ሰፈሩ «ሾተላይ ነው፣ አስወረዳት» አለ። ማሪቱ «በስመአብ፣ በዚህ አያያዜ ድንጋዩን ዳዊት ላስደግመው ነው» ብላ ልትስቅ ሞከረች። ሳቋ ግን አልወጣ አለ።

ያ ደም እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። የገና በዓል እስኪመጣ ድረስ ፈሰሰ። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ከቤቷ እስከ ገበያው ስትሄድ እየቆመች ታርፋለች፤ ፔዳሉን ትንሽ ረግጣ ልቧ ይመታባታል። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር ፀሐይ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ጠጋ ብላ የማሪቱን የታችኛውን ዐይን ሽፋን በአውራ ጣቷ ሳብ አደረገችው። ውስጡ ነጭ ነው። «ቀይ መሆን ነበረበት» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ጣቷን ወግታ ደም ወሰደች፤ ሄሞግሎቢኗ በጣም ዝቅ ብሏል። ለጎንደር ሆስፒታል ጻፈችላት።

የሄድነው በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ነው። ኮሶዬ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ገደሉን ሊያይ ወረደ። እዚያ ጋ መሬቱ ድንገት ያልቅና ከታች ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ማሪቱ ወርዳ ጥቂት ተራመደች፤ ትንፋሽ አጠራትና ተመለሰች። «ስድን አየዋለሁ» አለችኝ፤ ራሷን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጋ። «የትም አይሄድ።»

የጎንደሩ ሐኪም ወጣት ነው፤ ግን አይቸኩልም። በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳት። በእንቁላል ከረጢቷ ላይ ትንንሽ ብዙ ፍሬዎች አሉ፤ እንቁላሉ በየወሩ በስሎ አይወጣም። ደሙ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ የማሕፀኗ ግድግዳ ሲጠራቀም ከርሞ በአንዴ ሲናድ ደግሞ አይቆምም። የአገጯም ጠጉር ከዚሁ ነው። የአፈሩም አምሮት ከደም ማነስ ነው። «እርጉዝ አልነበርሽም» አላት። «ያስወረደሽም ነገር የለም።»

«መካን ነኝ?» አለችው።

«አይደለሽም። ብዙ ሴቶች ይህ በሽታ እያለባቸው በመድኃኒት ወልደዋል። ግን አሁን በዚህ ደምሽ ብታረግዢ ለሁለታችሁም አደጋ ነው። አስቀድመን ደሙን እናቁመው፣ ያለቀውን እንሙላው። ከዚያ እንቁላሉን የሚያበስለውን መድኃኒት እሰጥሻለሁ።»

ለመሙያው አይረን፣ የብረት ክኒን፣ አዘዘላት። ለማቆሚያው ያዘዘው ግን ፒልስ ነው፣ ሴቶች ልጅ እንዳይመጣ የሚውጡት ያው ክኒን። ይህንንም አልደበቃትም። «ለአንቺ ሥራው ደሙን መጠኑን ማስያዝ ነው። ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔው አስረዳዋለሁ» አላት። ማሪቱ ክኒኑን አገላብጣ አየችና ሳቀች። «ልጅ ላጣች ሴት የልጅ መከላከያ! እማማ የሺ ይህን ቢሰሙ መቃብር ይወርዳሉ።»

ለፋንታሁን ንገሪው አልኳት፣ ሲስተር ፀሐይም አለቻት። እሷ ግን በራሷ ሐሳብ ጸናች። «ያን ጊዜ በውሸት ደስ አሰኝቼዋለሁ። አሁን ደግሞ በባዶ እጄ ምን ልንገረው? ደሜ ይሙላ። ድኛለሁ፣ አሁን ልጅ ልንሞክር ነው ብዬ አንድ ላይ እነግረዋለሁ» አለች። ከዚህ በኋላ የነበረው ሁሉ ይቺን ቀን ለመጠበቅ ነው።

ያ ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር። አይረኑን በባዶ ሆዷ በሎሚ ውኃ ትውጣለች። ከቡናና ከሻይ ጋር አይሆንም ስለተባለች ጎረቤት ቡና ሲጠራት አልመጣም ትላለች፤ ጎረቤትም «ጎንደር ደርሳ መጥታ ኮራችብን» ብሎ አኮረፈ። ክኒኑ ሆዷን ያቅለሸልሻታል፤ ሰገራዋ ሲጠቁር ደንግጣ ጠራችኝ፤ ሲስተር ፀሐይ የመድኃኒቱ ነው ስትላት ተረጋጋች። ጎመንና ምስር አበዛች፤ በፍስክ ጉበት ባገኘች ቁጥር ለእኔም ትልካለች። በየጊዜው እየሄደች ትመረመራለች። ውጤቷ ከፍ ባለ ቀን ከመንገዱ ማዶ ሆና፣ «አንች መምህር! ሄሞግሎቢኔ ወጣ!» ብላ ጮኸች። ባጃጅ ነጂው ሎተሪ የወጣላት መስሎት ቆሞ እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

የማልረሳት እንዲህ ሆና ነው። ልብስ ልታስለካ የመጣችን ሴት ከወገብ አስቀድማ የዐይኗን ሽፋን ትስባለች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ውስጥሽን ልየው። አየሽ፣ ነጭ ነው፤ ደም የለሽም። ሲስተር ፀሐይ ጋ ሄደሽ ነይ፤ ልብስሽን ያኔ እለካለሁ።» እውነትም አትለካም። ከዳባት መንገድ ለገበያ የመጣች ሴት «ምን ዓይነቷ ሰፊ ናት!» ብላ እየተቆጣች ሄዳ፣ ኋላ አይረን ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ። የእኔንም በየሳምንቱ ነበር የምትስበው። አውራ ጣቷ ሁልጊዜ የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል።

ደሟም እንደ ሰው ሆነ፤ በወሩ መጥቶ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል። ወይራዋ ሥር ከሌሎቻችን ጋር ቆማ፣ ከሌሎቻችን ጋር ትገባለች። «እንግዳ ሆንሁ እኮ!» አለችኝ በደስታ። «ርስቴን ልለቅ ነው።» እማማ የሺም ይህን ሁሉ ከበሩ ላይ ያያሉ። ምራታቸው ድናለች፤ ታዲያ ልጁ የታለ?

በዓመቱ፣ የቅበላ ሰሞን፣ ፋንታሁን ወረደ። እኔም ተጠርቼ ሄጃለሁ። ጠዋቱን እማማ የሺ ነጠላቸው ተተርትሮ ክር ሲፈልጉ ማሪቱ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከፍተው ኖሯል። ክኒኑ እዚያ ውስጥ ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የጤና ኤክስቴንሽኗ በየቤቱ እየዞረች ስታስተምር ቀስት የተሣለበትን ያንን ካርድ ብዙ ጊዜ አይተውታል። እስክንበላ ጠበቁ። እጃችንን ታጠብን። ከዚያ ካርዱን አውጥተው መሶቡ ላይ አስቀመጡት።

«ልጀ፣ ይኸ ምንድን ነው? ሚስትህን ጠይቃት።»

ፋንታሁን አነሳው። ግማሹ ተውጦ ባዶ ነው። «ማሪቱ?»

«ደም መያዣ ነው» አለች። «የጎንደሩ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ።»

«ደም መያዣ!» አሉ እማማ የሺ። «እኔም ቁጭ ብየ ተምሬዋለሁ። ይኸን የምትውጠው ወልዳ የጠገበች ናት። አንች ማንን ወልደሽ ማንን ልታቆሚ ነው?»

«እማማ፣ አብሬያት ነበርኩ፤ ሐኪሙ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አንችማ ገና ያላገባሽ ልጅ ነሽ። ሰምተሽስ ምን ይገባሻል?»

ማሪቱ ሁሉንም ተናገረች። የእንቁላሉን ነገር፣ የደሙን መሙላት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መድኃኒት። እየቸኮለች፣ እየተምታታባት ነበር የምትናገረው፤ እንዲያ ስትናገር ለእኔ እንኳ የተፈጠረ ወሬ መሰለኝ። ፋንታሁን አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ካርዱን እያገላበጠ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። «እኔ እዚያ ተራራ ላይ ሳድር የማስበው ልጅ ነው። አንች ስትውጭ ኖረሻል፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁ።»

የማሪቱ ፊት ተለዋወጠ። ካርዱን ከእጁ ወሰደችና እሳቱ ውስጥ ጣለችው። «ይኸው!» አለች። «ልጅ አልፈለገችም ብለህ ከምትኖር ደሜ ይፍሰስ።» ላወጣው ተንደረደርኩ፤ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ጭሱ ቤቱን ሞላው። በነጋታው ፋንታሁን ወደ ሳንቃ በር ወጣ፤ የዚያን ቀን ጦስኝ ስፌት መኪናዋ ላይ አላየሁም።

ሁዳዴ ገባ። ማሪቱ አይረኑን መዋጥ አላቆመችም፤ ፒልሱን ግን እምቢ አለች። የንስሐ አባቷ በሽተኛ ነሽና አትጹሚ ቢሏትም፣ ዘንድሮ ሰው የሚላት ነገር እንዳይጨመርባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደሙ መጣና ተቀመጠ። ወይራዋ ሥር ሳገኛት ድንጋዩን መታ መታ አድርጋ፣ «ርስቴ ተመለሰችልኝ» አለችኝ። ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሲስተር ፀሐይ ቤቷ ድረስ መጥታ ለመነቻት። «እሱ ራሱ ዋጭው ካለኝ እውጣለሁ» አለች። «ካላመነኝ ግን ድኜስ ለማን ነው?»

እማማ የሺ በየሰንበቱ በሩ ላይ ይሳለማሉ፤ ወደ ግራ ይመለከታሉ፤ ይገባሉ። ምንም አይሏትም። እኔ በዚያ ዝምታቸው አንጀቴ ያርር ነበር። በመጨረሻ በቅሎ ነጂ ለምኜ ወደ ሳንቃ በር ላክሁ፤ ሚስትህ ታማለች፣ ውረድ በለው አልኩት።

ፋንታሁን የደረሰው የደብረ ዘይት እሑድ፣ ቅዳሴው መሀል ላይ ነው። አቧራ ለብሶ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። እኔ ያን ቀን ቅጥር ውስጥ ነበርኩ፤ ግን ልቤ ውጭ ስለነበር በሩ አጠገብ ነው የቆምኩት፤ አየሁት። በሩ ላይ ሊሳለም ጎንበስ ሲል ወደ ግራ ተመለከተ። ማሪቱ ግንዱን ተደግፋ ዐይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯና ነጠላዋ አንድ ሆነዋል። ቀና ብሎ ጥቂት ቆመ። ከዚያ አልገባም። ሄዶ አጠገቧ ቆመና በክንዱ ደገፋት። ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ፈቀቅ አሉለት።

«ወንድ እዚህ አይቆምም እኮ» አለችው ዐይኗን ገልጣ።

«እኔ ቆሜያለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። ልገድልሽ ነበር።»

ቅዳሴው እስኪያልቅ እንደዚያው ቆመ። ወንድ ልጅ ከወይራዋ ሥር ቆሞ ሲያስቀድስ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። እማማ የሺ ሲወጡ አዩዋቸውና አለፉ።

ሰኞ ገና በጠዋቱ ሲስተር ፀሐይ ጋ ሄድን። ሲስተር የፋንታሁንን አውራ ጣት ይዛ የማሪቱን የዐይን ሽፋን ራሱ እንዲስበው አደረገችው። «ይህን አየህ? ደም የለም» አለችው። ክኒኑ ምን እንደሚሠራ ዳግመኛ አስረዳችው። እሱ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «የት ነው የሚሸጠው?» ሮጦ ገዝቶ መጣ። ሲስተር ዛሬ ይህ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሳይውል ሳያድር ጎንደር ደርሳ ደም መውሰድ እንዳለባት ነገረችን። እሱ ግን አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ፈልቅቆ፣ ውኃ በኩባያ ይዞ ፊቷ ቆመ።

«ዋጭው» አላት። «እኔ ነኝ ያልሁሽ።»

ማሪቱ እያለቀሰችም እየሳቀችም ዋጠችው። ሚኒባስ ተኮናትረን ስናሳፍራት እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነው። «እታለም፣ ስመጣ ሁለታችንም እንግዳ ነን» አለችኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብላ እጇን እያወዛወዘች፣ «ኮሶዬን ዛሬ ነው የማየው!» አለች። እኔም ደወሉ እንዳይቀድመኝ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

ኋላ ፋንታሁን ነገረኝ። ኮሶዬ ሲደርሱ አቁሙልኝ አለች። ሾፌሩ አንቆይም አለ፤ እሷ ለመነችው። ፋንታሁን ታቅፏት ወርዶ ገደሉን አሳያት። «ይኸን ያህል ሰፊ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አዎ» አላት። መኪናው ውስጥ ሲመልሳት ራሷን ትከሻው ላይ አደረገች። ተኝታለች ብሎ እንዳትነቃ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።

ቀብሯ ማክሰኞ ነበር። የእኔም የወር አበባ ሰኞ ማታ መጥቶ ስለነበር ውጭ ቋሚ ነበርኩ። ደባርቅ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ገበያተኛው፣ በቅሎ ነጂው፣ የዐይናቸውን ሽፋን የሳበችባቸው ሴቶች። ሁሉም ከሳጥኑ ኋላ ወደ በሩ ሲጎርፍ እኔ ወደ ወይራዋ ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ አጠገቡ ቆምኩ።

እማማ የሺ በሰው ተደግፈው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ በልማዳቸው ወደ ግራ ተመለከቱ። ደጋፊዎቻቸውን ለቀቁና ወደ እኔ መጥተው፣ ከድንጋዩ ሥር መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ጥርሴን ነክሼ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ መግባት ይችላሉ» አልኳቸው።

«በየሰንበቱ አየኋት ልጀ» አሉኝ። ድንጋዩን በእጃቸው ይዳብሱታል። «እዚህ ቁጭ ብላ አየኋት። ደስ ብሎኝ ነበር የምገባ።»

«ደስ ብሎዎት?» አልኩ።

«ክኒኑን ተወች፣ ደሙ ተመለሰ። ደሙ ከተመለሰ ማሕፀኗ ተከፈተ፣ ልጁም ይመጣል ብየ። እዚህ ባየኋት ቁጥር ገብቼ እመቤቴን አመሰግን ነበር።»

ልቆጣቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ስለ ልጅ ያላቸውን ተስፋ የቆጠሩት እኔ ሞቷን በማይበት ደም ነው። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አብረን አለቀስን። ድንጋዩን መሀላችን ባዶውን ተውነው።

ፋንታሁን ከፊት ሆኖ ሳጥኑን ተሸክሟል። ወይራዋ ጋ ሲደርስ ጥቂት ቆም አለ፤ ሌሎቹም አብረውት ቆሙ። ወደ እኛ አልዞረም። ከዚያ ቀጠሉ። ካህናቱ ዜማውን አነሱ፣ በሩ በሁለቱም በኩል ወለል ብሎ ተከፈተ። ያን ቀን ደሟ ስለቆመ ማንም አልከለከላትም።

ማሪቱ ገባች። እኛ ውጭ ቀረን።